ገንዘቡ ለበርሜል ነበር

10 ሺህ ሊትር የሚይዝ ቦቴ ውሃ ለማከም የሚበቃው የክሎሪን ዱቄት 30 ግራም ገደማ ነው። በሾርባ ማንኪያ ቢሰፈር ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት። በዝናብ ወራት ወንዙ ሲደፈርስ ይጨመርበታል፤ ያም ሆኖ ለአንድ ቦቴ የሚወጣው ገንዘብ የሚያስለቅስ አይደለም። የሚያስለቅሰው ጊዜው ነው። ዱቄቱ ከገባ በኋላ ውሃው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መቆየት አለበት፤ በግማሽ ሰዓት ደግሞ ቦቴ ቅርብ ያለ ደንበኛ ዘንድ ደርሶ ይመለሳል። ያንን ግማሽ ሰዓት ከትምህርት ቤት ልጆች ላይ ሰርቄያለሁ። ይህ ግን ከጥፋቴ ትንሹ ነው።

ጁባ ውስጥ ውሃ ሻጭ ነኝ። ከተማዋ ነጭ ዓባይ ዳር ተቀምጣ ቧንቧ የሚደርሰው ሰው ጥቂት ነው፤ ሌላው ከቦቴ፣ ወይም በብስክሌት ጀሪካን ጭኖ ከሚዞር ልጅ ይገዛል። ከቦቴ ባለቤቶቹና ከሾፌሮቹ ብዙዎቹ እኛው ነን፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን። እኔ የምሠራው በደቡብ በኩል፣ ሎሎጎ ነው። ሎሎጎን ከማዶው ጉምቦ የሚያገናኘው፣ በጃፓን እርዳታ የተሠራው የፍሪደም ድልድይ የምነግራችሁ ነገር ሲጀምር ገና አላለቀም ነበር፤ የተመረቀው በ2022 ሜይ ነው። (እዚህ የምንቆጥረው በፈረንጅ ስለሆነ ዓመቶቹን እንዲሁ ተቀበሉኝ።)

ጥፋቴን ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። ጎንደር ናቸው፤ በስልክ ነው የነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ ጾምና ስግደት ያዝዙኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «የሰው ስም ያጠፋኸው በአደባባይ ነው፤ እኔ ጆሮ ላይ ብቻ አታስቀረው» አሉኝ። ስለዚህ ነው የምጽፈው።

በ2020 ኤፕሪል 5 ደቡብ ሱዳን የመጀመሪያውን የኮሮና ታማሚ ማግኘቷን አስታወቀች። ታማሚዋ የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኛ ስትሆን ከኔዘርላንድስ ተነስታ በአዲስ አበባ በኩል ነበር የገባችው። ይቺ «በአዲስ አበባ በኩል» የምትባል ነገር ለእኛ መዘዝ ሆነችብን። በቦዳ ቦዳ (በሞተር ብስክሌት ታክሲ) የሚያልፈው ሁሉ ሐበሻ ሲያይ «ኮሮና! ኮሮና!» ይል ጀመር። አንድ ቀን የቦቴዬ መስታወት በድንጋይ ተሰበረ። በጣም ተናደድኩ፣ መናደዴም ትክክል ነበር። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ማርች ላይ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ፈረንጅና ቻይናዊ መንገድ ላይ «ኮሮና» እየተባለ ሲሰደብ፣ የአሜሪካ ኤምባሲም ለዜጎቹ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ፣ እኔ በስልኬ እያየሁ ስቄ ነበር። ይህንን ያኔ አላስታወስኩትም።

መንግሥት ትምህርት ቤቶችን የዘጋው ገና ታማሚ ሳይገኝ፣ በማርች ነው። አገሪቱ አምስት ምክትል ፕሬዚዳንቶች እያሏት የመተንፈሻ መሣሪያዋ ግን አራት ብቻ ነው ሲባል ሻይ ቤቱ ሁሉ ይስቅ ነበር። ሜይ ላይ ደግሞ በኮሮና ግብረ ኃይሉ አመራር ውስጥ የነበሩት የያኔው ቀዳማዊ ምክትል ፕሬዚዳንት ሪክ ማቻርና ባለቤታቸው፣ የያኔዋ የመከላከያ ሚኒስትር አንጀሊና ቴኒ፣ ራሳቸው ተያዙ። ይህን ያየ ሰው ወይ ይፈራል ወይ ያላግጣል። እኔ ማላገጡ ቀለለኝ።

ሎሎጎ ውስጥ የማያላግጡ አንድ ሴት ነበሩ። ዕድሜያቸው ከእናቴ የሚቀራረብ፣ ኻርቱም ያደጉ፣ በሰፈሩ ምክር ቤት ውስጥ የተቀመጡ የፖለቲካ ሰው። እንደ ሌላው ሰው እኔም «ማማ» ነው የምላቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ በእኔ አፍ በቂ ተንከራቷል።

ማማ ፖለቲካውን ያውቁበታል። ኮሮና በመጣ ጊዜ የመንግሥትም የእርዳታ ድርጅቶችም ጆሮ የሚከፈተው ለኮሮና ብቻ እንደሆነ ከሁላችንም ቀድመው ገባቸው። እጅ ይታጠብ ከተባለ ውሃ ይምጣ፤ ውሃ ከመጣ ንጹሕ ይሁን፤ ንጹሕ ከሆነ ልጆቹ ይጠጡታል፤ እንዲህ አድርገው ነው ነገሩን አንዱን በሌላው የሰፉት። በ2014 ከዚችው ከጁባ የተነሳው ኮሌራ በአገሪቱ ከ160 ሰው በላይ መፍጀቱን አልረሱትም። በስብሰባ ላይ «ኮሮና ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ወንዙ ግን እዚሁ ነው» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ያኔ ይህን ብልጣብልጥነት ብዬ ነው የያዝኩት፤ በኮሮና ስም የራሳቸውን ጉዳይ ያስፈጽማሉ አልኩ። አሁን ሳስበው፣ የሰፈር ፖለቲከኛ ሌላ ምን ሥራ አለው? በመጨረሻ በይፋ የተመዘገበው የኮሮና ሟች በመላ አገሪቱ ከዚያ ኮሌራ ሟች ያነሰ ነው። የተመዘገበው ብቻ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ማማ ከበሽታው በላይ አርቀው አይተው ነበር።

አንደበታቸው ግን ለእኛ አይመችም ነበር። «እናንተ ሐበሾች የገዛ ወንዛችንን መልሳችሁ ለእኛው ትሸጡልናላችሁ» ብለው በሰው ፊት ተናግረዋል። መስታወቴ በተሰበረ ሰሞን ይህን መስማት ቀላል አይደለም። እንግዲህ ቂሜ ከዚህ ይጀምራል። አሁን በደንብ የገባኝ፣ ማማ ስለ ሐበሻ ተሳስተው ሊሆን ይችላል፤ ስለ ውሃው ግን አልተሳሳቱም። እኔ የመጀመሪያውን ይዤ ሁለተኛውን ሸፈንኩበት።

ትምህርት ቤቶቹ ለሁሉም ክፍል የተከፈቱት በ2021 ሜይ 3፣ ከ14 ወር በኋላ ነው። ያልተመለሱ ልጆች ነበሩ፤ ከሴቶቹ ያረገዙና የተዳሩ፣ ከወንዶቹ ቦዳ ቦዳ ላይ የወጡና መኪና አጠባ የገቡ። ማማ የቀሩትን ቤት ለቤት እየዞሩ ወላጆቻቸውን ሲለማመጡ ከረሙ። በራችን ላይ ውሃ ሳይቆም ልጅ አናስገባም ብለው ከሰፈሩ ትምህርት ቤት መምህራን ጋርም ተጣልተዋል፤ መምህራኑ ወራት ያልተከፈላቸው ሰዎች ናቸው፣ ስለ ሳሙና ማውራት ያናድዳቸው ነበር።

ከዚያ የቦቴ ባለቤቶችን ጠሩን። በሳምንት ሁለት ቀን የታከመ ውሃ በነዳጁ ዋጋ ለትምህርት ቤቱ እንድናደርስ፣ ደግሞም ቧንቧ ያላቸው በርሜሎች መግዣ እንድናዋጣ ጠየቁን። የጁባ ዐረብኛዬ ከጓደኞቼ ስለሚሻል በሁላችንም ስም የተናገርኩት እኔ ነበርኩ። ተስማማን፤ አዋጣን። በትምህርት ቤቱ ደብተር ላይ ሾፌሩ ክሎሪን መጨመሩን ጽፎ ይፈርማል ተባለ።

መጀመሪያ ላይ በደንብ ሠራን። ቀጥሎ ዶላር ወጣ፣ መሙያው ላይ ሰልፉ ረዘመ፣ ደንበኞች መደወል አበዙ። ሾፌሬ «ግማሽ ሰዓቱን ልቁም ወይስ ልሂድ?» ሲለኝ «ፈርምና ሂድ» አልኩት። ትእዛዙ የእኔ ነው። ልጁ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነው፤ ከእኔ ሌላ ማንን ይሰማል?

ዝናቡ ሲበረታ ልጆች በተቅማጥ መቅረት ጀመሩ። ከዚያ ውስጥ የእኔ ውሃ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ የሚነግረኝ የለም፤ የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ራሱ በሽታ ነበር። በዚህ አለማወቅ ለረጅም ጊዜ ተደግፌ ኖሬያለሁ። ማማ ግን ደብተሩን አልተደገፉም። አንድ ጠዋት ቦቴዬ ሲገለብጥ እኔም እዚያው እያለሁ፣ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ያገኙትን መመርመሪያ ይዘው መጡ። በትንሿ ብልቃጥ ውሃ ቀድተው ኪኒኗን ጣሉባት። ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል። ምንም አልሆነም። ብልቃጧን ወደ እኔ ዘርግተው «ያ ወለዲ፣ ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ። ልጄ ነው ያሉኝ። መምህራኑ እያዩኝ ነበር። እኔም «አንቺ ሐበሻ ስለምትጠዪ ነው!» ብዬ ጮህኩ። አንቺ አልኳቸው።

ይህም አላበቃኝም። በሚቀጥለው ሳምንት የበላያቸው ወደሆኑ ሰዎች ቢሮ ሄጄ «ገንዘብ ጠይቃናለች፣ ከፍለናታል» አልኩ። ሁለቱም ቃል እውነት ነው። ለምን ጠየቀች ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም አልጨመርኩም። ሹም ገንዘብ ጠየቀ ሲባል ጁባ ውስጥ ማስረጃ የሚፈልግ የለም። በጽሑፍ የተያዘ ነገር የለም፣ ማማንም ጠርቶ ያነጋገራቸው ያለ አይመስለኝም። በቀጣዩ ሹም ሽር ስማቸው ቀረ። ያን ሁሉ ስናገር፣ በገንዘቡ የተገዙት በርሜሎች በትምህርት ቤቱ በር ላይ ተደርድረው ቆመዋል፤ ባልታከመ ውሃ የምሞላቸውም እኔ ነኝ።

ወሬውን ሐበሻው መካከልም ዘራሁት። በዚያው ዓመት ኅዳር 12 እንደ አገራችን ግቢ ጠርገን ቆሻሻ ስናቃጥል፣ በጭሱ ዙሪያ ቆመን ቡና እየጠጣን፣ «ሴትዮዋ ጉቦኛ ነበረች» ብዬ አወራሁ። በ1911 ዓ.ም. ሕዝብ የፈጀውን የኅዳር በሽታ በምናስብበት ቀን፣ በሽታ እንዳይገባ የደከመችን ሴት ስም ማቃጠሌ ያኔ አልታየኝም። ከወራት በኋላ ወሬው ተመልሶ ወደ እኔ መጣ፤ በገንዘባችን ቤት ሠርታለች የሚል ተጨምሮበታል። ዝም አልኩ።

በ2024 ኦክቶበር 28 ኮሌራ መግባቱ በይፋ ሲነገር፣ ወደ ጁባም ሲደርስ፣ ደብተሩ ላይ ያስፈረምኩት ሁሉ እንቅልፍ ነሳኝ። ድልድዩን ተሻግሬ ጉምቦ ሄድኩ፤ ማማ አሁን የሚኖሩት እዚያ ነው። ሻይ አፍልተው ሰጡኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቢሮ ሄጄ ያልኩትንም፣ ቡና ላይ ያልኩትንም። አላቋረጡኝም። ስጨርስ በርሜሎቹ አሁንም መኖራቸውን ጠየቁኝ። አንዳንዶቹ ተሰርቀዋል አልኳቸው። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልለመንኳቸውም፣ አፌ እንቢ አለኝ።

ለቢሮው ደብዳቤ አስገብቻለሁ። ሰዎቹ ተቀይረዋል፤ የተቀበለኝ ወጣት ጉዳዩን አያውቀውም፣ ፋይልም የለውም። እናንተ የጁባ ሐበሾች ግን ታውቁታላችሁ፣ ከእኔ ነው የሰማችሁት። ስም ባልጠራም የማንን ነገር እንደምናገር ለእናንተ ግልጽ ነው። ማማ ከእኛ የወሰዱት ገንዘብ ለበርሜል ነበር፤ በርሜሎቹም ተገዝተዋል። ያንን ወሬ ላወራችሁለት ሰው ሁሉ እባካችሁ ይህንንም ንገሩልኝ። ቦቴ ያላችሁ ደግሞ ግማሽ ሰዓቱን ቁሙ።