ፍሬኑ ነው ወይስ ልጁ?

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በተለይ ባሕር ዳር ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ፣ አሁን ብዙዎቻችሁ የልጆች እናትና አባት ብትሆኑም፣ እንደ ድሮው እጃችሁን አውጡ። የብስክሌት ፍሬን ሥራው ምንድን ነው?

«ማቆም» ያላችሁ ልክ ናችሁ። «ፍጥነት መቀነስ» ያላችሁም ልክ ናችሁ። ከቤዛዊት ኮረብታ ቁልቁል በሳይክል የወረደ ሰው ሁለቱንም በደንብ ያውቃል። ግን ሦስተኛ ሥራም አለው፤ እኔ እዚህ ጀርመን ከመጣሁ በኋላ ከእህቴ ልጅ ነው የተማርኩት። እሱም መያዝ ነው። የቆመውን ጎማ ንቅንቅ እንዳይል አድርጎ መያዝ። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ነው። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

የእህቴ ልጅ 15 ዓመቱ ነው። የሚነዳው ትሪያል የሚባል ብስክሌት ነው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን «ኮርቻውን ማን ሰረቀህ?» ነበር ያልኩት። ኮርቻ የለውም፣ ምክንያቱም ማንም አይቀመጥበትም። ጨዋታው እግርን መሬት ሳያስነኩ ድንጋይ፣ ግንድ፣ የተደራረበ የእንጨት ፓሌት ላይ መውጣትና ከአንዱ ወደ አንዱ መዝለል ነው። ስፖርቱ የተወለደው ከሞተር ሳይክል ትሪያል ሲሆን፣ የዓለም ሻምፒዮናው እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ይካሄዳል። ልጆቹ በኋላ ጎማ ብቻ ቆመው እንደ ፌንጣ ሲዘሉ ስታዩ አፋችሁን ይዛችሁ ነው የምትቀሩት።

በዚያች ሰዓት ልጁን የሚጠብቀው የኋላው ፍሬን ነው። አንዲት ጣት የፍሬኑን እጀታ ስትስብ ጎማው ከብስክሌቱ ጋር እንደተበየደ መሆን አለበት። ሁለት ጣት ያህል እንኳ ቢንሸራተት ብስክሌቱ ወደፊት ይሄዳል፣ ልጁ ወደ ኋላ ይቀራል።

ባለፈው ጥቅምት የሆነውም እሱ ነው። ሦስት ፓሌት ተደራርቦ፣ እሱ ላይ ሊወጣ ሲዘል ጎማው ከሥሩ አመለጠና በጀርባው ወደቀ። የግራ እጁ አንጓ ተሰነጠቀ። አምስት ሳምንት በጀሶ ከረመ።

ጀሶው ከወጣ በኋላ ወደ ልምምዱ ተመለሰ፣ ግን ያ የምናውቀው ልጅ አልሆነም። ሊዘል ይዘጋጅና እግሩን መሬት ያደርጋል። ደግሞ ይዘጋጃል፣ ደግሞ ይተወዋል። በልምምዱ ቦታ ያሉት ትልልቆች «የወደቀ ሰው ይፈራል፣ ያልፍለታል» አሉ። እህቴ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በሆዷ ደስ ብሏታል። «ይተወውና ትምህርቱን ይያዝ» ትላለች። ይሄ እንግዲህ የእናት ነገር ነው፣ አልፈርድባትም።

አንድ እሁድ ምሳ ላይ ልጁ ራሱ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ልተወው መሰለኝ። ፈሪ ሆኛለሁ። ለዚህ ነገር አልተፈጠርኩም።»

በ15 ዓመቱ አንድ ልጅ በራሱ ላይ እንዲህ ሲፈርድ መስማት ያማል። «ከመውደቅህ በፊት ፍሬኑ እንዴት ነበር?» አልኩት። «ያው ነው» አለኝ። ይቺን «ያው ነው» የምትል መልስ ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት ሰምቻታለሁ! ትርጉሟ «አልለካሁትም» ማለት ነው። ስለዚህ ምሳችንን ጨርሰን ወደ ግቢው ወረድን።

የመጀመሪያው መሣሪያችን ጠመኔ ነበር። ፍሬኑን አስያዝኩትና የፍሬኑ ሸራ ከቸርኬው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ፣ ሸራውንም ቸርኬውንም የሚያቋርጥ አንድ መስመር አሰመርኩ። ከዚያ መሬት ላይ፣ ምንም ከፍታ ሳይኖር፣ በኋላ ጎማ ብቻ ቆሞ አንዴ እንዲዘል አደረግኩት። መስመሩን አየን። ሸራው ላይ ያለውና ቸርኬው ላይ ያለው ተለያይተዋል። አምስት ጊዜ ደገምነው። አምስቱንም ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ጣት ተንሸራተተ።

«ይሄ ፍርሃት ነው?» አልኩት። ዝም አለ። ፍርሃት የጠመኔ መስመር አያንቀሳቅስም።

አሁን ትንሽ ፊዚክስ፣ አትሽሹ። የሰበቃ ኃይል፣ ያው ፍሪክሽን የምንለው፣ በሁለት ነገሮች ይወሰናል። አንደኛው ሸራው ቸርኬውን የሚጫንበት ኃይል ነው። ሁለተኛው የሁለቱ ገጽታዎች መያያዝ፣ ማለትም ሚዩ ብለን የተማርነው ቁጥር ነው። ሁለቱ ሲባዙ ሰበቃውን ይሰጡናል። የቸርኬ ፍሬን አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የሚይዘው ከጎማው እምብርት ርቆ፣ ዳር ላይ ነው። በባለ26 ኢንች ብስክሌት ከመሐል እስከ ሸራው 27 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዲያሜትሩ 160 ሚሊ ሜትር የሆነ የዲስክ ፍሬን ግን ቢበዛ 8 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ለተመሳሳይ ሥራ የዲስኩ ሰበቃ ከሦስት እጥፍ በላይ መሆን አለበት።

በቁጥር እንየው። ልጁና ብስክሌቱ አንድ ላይ 65 ኪሎ ናቸው እንበል፤ ወደ 640 ኒውተን ማለት ነው። ክብደታቸው ከኋላው ጎማ እምብርት በ10 ሳንቲ ሜትር ቢያዘነብል የሚፈጠረው የማዞር ኃይል 64 ኒውተን ሜትር ነው። ይሄን ለ0.27 ሜትር ስናካፍለው ሁለቱ ሸራዎች በድምሩ 240 ኒውተን ገደማ፣ እያንዳንዳቸው 120 ኒውተን ሰበቃ ማምጣት አለባቸው። ሚዩ 0.4 ከሆነ እያንዳንዱ ሸራ በ300 ኒውተን መጫን አለበት። ሚዩ ወደ 0.2 ከወረደ ግን 600 ኒውተን ያስፈልጋል። ያቺው አንዲት ጣት፣ እጥፍ ሥራ! እሱም ዝም ብሎ ለቆመ ልጅ ነው፤ ከዝላይ ሲያርፍ የሚመጣው ከዚህ በጣም ይበልጣል።

ታዲያ ችግሩ ከሁለቱ አንዱ ጋ ነው፣ ወይ ከጫናው ወይ ከመያያዙ። ደንባችን አንድ ነበር፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መንካት፣ ከዚያ በጠመኔ መለካት። ብር ከማያስወጣው እንጀምራለን።

አንደኛ፣ እጀታው። ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ ሃይድሮሊክ ነው። በቱቦው ውስጥ አየር ገብቶ ቢሆን እጀታው እንደ ስፖንጅ ይለሰልስና እስከ መሪው ድረስ ይመጣ ነበር። ጠንካራ ነው። አየር የለም።

ሁለተኛ፣ የብስክሌቱ አጥንት። ከኋላ ሆኜ እያየሁ ፍሬኑን በኃይል ሳበው። ጎማውን ከግራና ከቀኝ አቅፈው የያዙት ዘንጎች ወደ ውጭ የሚለጠጡ ከሆነ፣ የጣቱ ጉልበት ቸርኬውን በመጫን ፈንታ ዘንግ በመለጠጥ ያልቃል። ለዚህ ተብሎ የፈረስ ኮቴ የሚመስል ማጠንከሪያ ብረት ይታሰርበታል። ብሎኖቹን አየን፣ ጠብቀዋል።

ሦስተኛ፣ የሸራው አቀማመጥ። ቸርኬው ላይ በእስክሪብቶ ቀለም ቀባንና ሸራውን አስነካነው። የቀኙ ሙሉ ለሙሉ ቀለም ነካ፤ የግራው ከላይ በኩል ብቻ። አስተካከልነው። ጠመኔው ትንሽ ተሻለ፣ ግን አሁንም ይንሸራተታል።

አራተኛ፣ ቅባት። የካቴና ዘይት በስፕሬይ ሲረጭ ቸርኬው ላይ ማረፉ የተለመደ ነው። በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል ጠረግነው። ጨርቁ ጠቆረ፣ መንሸራተቱ ግን ብዙም አልቀነሰም።

አምስተኛ፣ ሸራው ራሱ። ፊቱ እንደ መስታወት ያብለጨልጭ ነበር። ብርጭቆ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን፣ ሸራውን ደልዳላ አድርገን ፈተግነው። አሁን ያዘ! ልጁ ሳቀ። እኔ ግን «ቆይ፣ ለአንድ ሰዓት ዝለልበት» አልኩት። ከሰዓት በኋላ ስንለካው ተመልሶ መንሸራተት ጀምሯል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። አዲስ ሸራ ይገዛል፣ ለጥቂት ቀን ይይዝለታል፣ ደግሞ ይለቃል። «ሸራው የማይረባ ነው» ብሎ ሌላ ይገዛል። ሸራውን እየላሰ የሚያለሰልሰው ነገር ግን ከፊቱ ያለው ነው። ቀረን ያልነውም እሱ ብቻ ነበር፦ ቸርኬው።

እዚህ ላይ የትሪያልን አንድ ምሥጢር ልንገራችሁ። እነዚህ ልጆች የቸርኬያቸውን ጎን ሆን ብለው በግራይንደር ያስቧጭሩታል። ጀርመኖቹ ፍሌክስ ይሉታል። በጥቃቅን ጭረት የተሞላ ቸርኬና ጠጠር ያለ የፕላስቲክ ሸራ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይነክሳል። ለስላሳ ቸርኬ የሚመርጡት ደግሞ ሬንጅ ቀባ ያደርጉበታል፤ እሱም ደረቅ ሲሆን ይይዛል፣ ዝናብ ሲመጣ ግን ያስቸግራል። የልጁ ቸርኬ የተቧጨረ ነው፣ ግን መቼ? «ስገዛው ነበረ» አለኝ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። «ጥፍርህን አስኪድበት» አልኩት። ጥፍሩ እንደ ብርጭቆ ላይ ሄደ። ጭረቱ አልቋል።

ቅዳሜ ዕለት ልምምዱ ቦታ ያለ አንድ ልምድ ያለው ሰው ሠራለት። ጎማውን ፈታን፣ ኮፐርቶኑንና ካላማዳሪውን አወጣን፣ መነጽርና ጓንት አደረገ። ዲስኩን ሳይጫን ዳሰስ ዳሰስ እያደረገ በቸርኬው ጎን ዞረ። ጥልቅ ማድረግ አያስፈልግም፤ ቸርኬ በተቧጨረ ቁጥር ይሳሳል፣ ሲሳሳ ደግሞ ይሰነጠቃል። የብናኙን አቧራ አጥበን ገጠምነው። ፍሬኑን ሲይዝ የወጣውን ድምፅ ብትሰሙ! እንደ ዛገ የብረት በር ይጮኻል። «ድሮም እንዲህ ይጮህ ነበር፣ ረስቼው ነው» አለ ልጁ። ድምፁ ቀስ በቀስ ሲጠፋ ማንም ልብ አላለውም።

ጠመኔ አሰመርን። ዘለለ። መስመሩ እዚያው ነው። አሥር ጊዜ ዘለለ፣ መስመሩ እዚያው ነው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መስመሩን እያየ «ጋሼ፣ እኔ አልነበርኩማ!» አለኝ። እንባው መጣ፤ እኔም ወደ ሌላ አቅጣጫ ማየት ነበረብኝ።

ሲመሽ ቁጭ ብዬ ሳስበው የገረመኝ ፍርሃቱ ነው። ሁላችንም ፍርሃቱን እንደ በሽታ ነበር ያየነው። ፍርሃቱ ግን ልክ ነበር! ጭንቅላቱ «ያው ነው» እያለ፣ ጣቱና እግሩ ግን የሆነ ነገር እየለቀቀ እንደሆነ ያውቁ ነበር። ሰውነቱ ከጠመኔው ቀድሞ ለክቶታል። «በርታ፣ አትፍራ» ብለን ገፍተነው ሦስቱ ፓሌት ላይ ብንመልሰው ኖሮ በዚያው ፍሬን ነበር የሚዘለው።

አስተማሪዎች ለሆናችሁ ተማሪዎቼ ይሄን ነው ማለት የፈለግኩት። አንድ ጎበዝ የነበረ ልጅ ቀስ በቀስ ሲደክም «ሰነፈ» ማለት ይቀናል። ልጁም ያምናችኋል፣ እሱ ነው ክፋቱ። ሰሌዳው ይታየዋል? ቁርስ በልቷል? ማታ የሚያነብበት መብራት አለው? ቀስ በቀስ ያለቀ ነገር ድምፅ የለውም፤ ቀስ በቀስ ስለሆነም ልጁ ራሱ «ያው ነው» ይላችኋል። መጀመሪያ አንድ መስመር አስምሩ። ከዚያ በኋላ ሰነፍ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

በተረፈ ባሕር ዳርም ሆነ ሐዋሳ ሳይክል ለምትነዱ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ይሄን አንብባችሁ ተራ ሳይክል ላይ ግራይንደር እንዳታነሱ! የእናንተ ፍሬን በለስላሳ ላስቲክ ፍጥነት የሚቀንስ ነው፤ የተቧጨረ ቸርኬ ላስቲኩን በአጭር ጊዜ ይበላዋል። ለእናንተ የሚያስፈልገው ቸርኬውን ከዘይት ማጽዳት፣ የደረቀውን ላስቲክ መቀየር፣ የዛገውን የፍሬን ሽቦ ማየት ነው። ዝናብ ላይ ደግሞ ቸርኬው እስኪደርቅ ፍሬኑ ዘግይቶ ስለሚይዝ ቀደም ብላችሁ ያዙ።

ልጁ አሁን ሁለት ፓሌት ላይ ነው። ሦስተኛውን መቼ እንደሚጨምር አልጠየቅኩትም። እህቴ አሁንም እንዲተወው ትፈልጋለች፣ ክርክሩም አላለቀም። እኔ ደስ ያለኝ፣ ቢተወውም እንኳ «ለዚህ ነገር አልተፈጠርኩም» ብሎ ሳይሆን በሌላ ምክንያት መሆኑ ነው።

እናንተስ? ራሳችሁን ስትወቅሱ ቆይታችሁ በኋላ ችግሩ ሌላ ቦታ የተገኘበት ጊዜ አለ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ። ስም ስትጠሩ የየትኛው ዓመት ባች እንደነበራችሁም ጨምሩበት፣ ፊታችሁን ላስታውስ።