ሣጥኑን ገዛን፣ ድምፁን ግን ተከራየን

ዛሬ ስለ አንድ ሣጥንና ስለ አንድ ሰው ድምፅ ላጫውታችሁ አስቤአለሁ። በተለይ ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በ«ጹር እስራኤል» ዘመቻ የመጣችሁና ገና ኡልፓን የምትማሩ ቤተሰቦች ብታነቡት ደስ ይለኛል፤ እኛ ቤት የገባው ነገር ነገ የእናንተንም በር ማንኳኳቱ አይቀርምና።

አጎቴ በ1984 በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲገባ እኛ ጎንደር ገጠር ቀረን። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ እሱም ቢሆን ከስሙ ሌላ እምብዛም አይጽፍም ነበር። ስለዚህ ደብዳቤው ካሴት ነበር። ሰው ሲገኝ በሰው፣ ሰው ሲጠፋ ወራት ቆይቶ፣ በስንት ውጣ ውረድ ይደርሰናል። እናቴ ካሴቶቹን የምትለየው በክር ነበር፤ ቀይ ክር የታሰረበት መርዶ ያለበት ነው፣ አረንጓዴው የሠርግ ወሬ ነው፣ ነጩ እንዲሁ የናፍቆት ነው። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከአሥራ አራት ሺህ ከሚበልጡ ወገኖቻችን ጋር ስንሳፈር እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ልብሳችንን ትተን እነዚያን ካሴቶች በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ እንዳመጣቻቸው አስታውሳለሁ። ዛሬም አሉ። ማንንም ፈቃድ ሳንጠይቅ ቴፕ ውስጥ ከተን እንሰማቸዋለን።

አሁን ወደ ሣጥኑ ልምጣ። በ2017 ሐይፋ፣ ንቬ ዳቪድ ሰፈር ባለው የእናቴ ቤት ስልክ ተደወለ። ደዋዩ በጥሩ አማርኛ፣ «እማማ፣ እንደምን ሰነበቱ? የአገርዎን ዘፈንና ጨዋታ ቤትዎ ድረስ እናምጣልዎት?» አላት። እናቴ በአማርኛ አክብሮ ለሚያናግራት ሰው አንጀቷ አይችልም። ሣጥኑን በገንዘብ ገዛች፤ በየወሩም 49 ሸቀል በሆራአት ኬቫ ከባንክ እንዲቆረጥ ፈረመች። እኔ የሰማሁት ሣጥኑ ከተተከለ በኋላ ነው። እውነቱን ለመናገር አልተቃወምኩም፤ ሣጥኑ ጥሩ ይሠራ ነበር። ያሻትን ዝግጅት ቀይዋን ቁልፍ ተጭና መቅዳትም ትችል ነበር።

በ2018 መከር ላይ አጎቴ በአንድ የአማርኛ ዝግጅት ላይ ቀርቦ ስለ ሱዳን ጉዞ ተናገረ። አርባ ደቂቃ ያህል ነው። ሌሊት ሌሊት ስለ መጓዛቸው፣ መንገድ ላይ ስለ ቀበሯት እህታቸው፣ ለእኛ በካሴት እንኳ ነግሮን የማያውቀውን ሁሉ ተናገረ። እናቴ ቀይዋን ቁልፍ ተጫነች። አጎቴ በ2019 ክረምት ዐረፈ። ከዚያ በኋላ ዐርብ ዐርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ዳቦው እሳት ላይ ሳለ ያንን ቅጂ መስማት ልማዷ ሆነ።

በ2021 ባንክ ቀየረች። ሆራአት ኬቫው ተቋረጠ። አንድ ዐርብ ሣጥኑን ስትከፍት በዕብራይስጥ የተጻፈ መልእክት ብቻ መጣ፣ ቅጂው የለም። ስልክ ደውላ፣ «ማሽኑ ወንድሜን ደበቀብኝ» አለችኝ። ኩባንያው ዘንድ ስደውል ያገኘሁት ልጅ ትሑት ነበር፣ አልዋሸኝም። ደንበኝነቱ ስለተቋረጠ ቅጂዎቹ ተቆልፈዋል፤ ከተከፈለ ይከፈታሉ፤ ስልሳ ቀን ካለፈ ይጠፋሉ አለኝ። «እኛ እኮ ገዝተነዋል!» አልኩት። «የገዛችሁት ሣጥኑን ነው» አለኝ።

ውሉን አውጥቼ አነበብኩ። አሥራ አንድ ገጽ ዕብራይስጥ ነው። ዘጠነኛው ገጽ ላይ፣ በደቂቃ ፊደል፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ለደንበኛው እንዳልተሸጠ፣ በተወሰነ ሁኔታ እንዲጠቀምበት ብቻ እንደተፈቀደለት፣ ፈቃዱም ክፍያ ሲቋረጥ እንደሚቋረጥ ተጽፏል። እንዲህ ያለው አንቀጽ የዚያ ኩባንያ ብቻ አይደለም፤ በእጃችሁ ባለው ስልክም፣ በኮምፒዩተሩም ውስጥ አለ። ዕቃው የእናንተ ነው፣ ዕቃውን የሚያንቀሳቅሰው ትእዛዝ ግን የሌላ ሰው ነው።

ይህን ለእናቴ እንዴት አድርጌ እንደማስረዳት ተጨንቄ ነበር። «ማረሻውና በሬው የአንቺ ነው፣ መሬቱ ግን የባላባቱ ነው እንደማለት ነው» አልኳት። ሳቀች። «ጭሰኝነት ነው በለኛ! እሱንማ ከአባቴ ቤት አውቀዋለሁ» አለች። ቤተ እስራኤል ርስት ተነፍገው የሰው መሬት ሲያርሱ የኖሩ መሆናቸውን፣ ይህም እስከ 1975 የመሬት አዋጅ መዝለቁን፣ እኔ ከመጽሐፍ ነው ያነበብኩት፤ እርሷ ግን ኖራበታለች። ከዚያ በኋላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም።

ነገሩ አንድ ሌላ ሬዲዮ አስታወሰኝ። ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደው የሕግ ባለሙያ ኖህ ሳማራ በ1990 ወርልድስፔስ የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። አሳቡ ትልቅ ነበር፤ የምድር ጣቢያ የማይደርስበት የአፍሪካ ገጠር ሁሉ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰማይ በቀጥታ እንዲያገኝ፣ በተለይም ስለ ኤድስ ትምህርት እንዲሰማ ነው። አፍሪስታር የተባለችው ሳተላይት ኦክቶበር 28 ቀን 1998 ከፈረንሳይ ጉያና በአሪያን ሮኬት ተተኮሰች። ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ አንድ ቦታ ላይ እንደተሰቀለ ፋኖስ ትቆም ነበር። አዲስ አበባ ያለ ሰው አንቴናውን ወደ ምዕራብ ደቡብ ያቀና ነበር፤ ከእኛ ሰፈር ቢሆን ኖሮ ወደ ደቡብ፣ ትንሽ ወደ ባሕሩ ዘንበል ማድረግ ነበር። ሬዲዮኖቹን የሠሩት እነ ሂታቺ፣ ጄቪሲ፣ ፓናሶኒክና ሳንዮ ነበሩ። በእጅ የሚንጠለጠሉ፣ ትንሽ ጠፍጣፋ አንቴና ያላቸው ናቸው።

በመጀመሪያ ስርጭቱ በነፃ ይሰማ ነበር። በኋላ ግን ኩባንያው ወደ ወርኃዊ ክፍያ ዞረ። ድምፁ በምስጢር ተቆልፎ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ሬዲዮ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ የከፈለ ሰው ሬዲዮ የመክፈቻ ፈቃድ ያገኛል፣ ያልከፈለው ዝም ይላል። ሳተላይት ማቆም ብዙ ወጪ ስላለው ክፍያው አያስገርምም። ሆኖም የከፋዮቹ ቁጥር 170 ሺህ ገደማ ነበር፣ አብዛኞቹም በሕንድ። ኩባንያው በኦክቶበር 2008 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ በ2009 መጨረሻም አገልግሎቱ ቆመ።

በ2012 አዲስ አበባ ለዘመድ ጥየቃ ሄጄ ከእነዚህ ሬዲዮኖች አንዱን ቡፌ ላይ፣ በዳንቴል ተሸፍኖ አየሁት። ያረጀ ሬዲዮ አይመስልም። የቤቱ ባለቤት አንቴናውን አጥፈው ኤፍ ኤም ከፈቱበት፣ ዜና ሰማን። አንዳንዶቹ ሬዲዮኖች ከሳተላይቱ ሌላ ኤፍ ኤምና አጭር ሞገድ ይቀበሉ ነበርና! ዘመናዊው ክፍል ከሰማይ ፈቃድ ሲያጣ አሮጌው ክፍል፣ ቁልፍ የሌለበት፣ ሥራውን ቀጠለ። ያኔ እንደ ቀልድ አይቼ አልፌዋለሁ።

አንድ ግጥምጥሞሽም ልንገራችሁ። አፍሪስታር በተተኮሰችበት ቀን፣ በዚያው ኦክቶበር 28 ቀን 1998፣ ፕሬዚዳንት ክሊንተን አንድ የቅጂ መብት ሕግ ፈረሙ። በዚያ ሕግ መሠረት ጥቂት ነገሮች ካልተፈቀዱ በስተቀር፣ ዲጂታል ቁልፍን መስበር ራሱ ጥፋት ነው። በ2006 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ኤክስ ኤም የተባለው የሳተላይት ሬዲዮ ድርጅት ዘፈን ቀድቶ የሚያስቀምጥ የኪስ ሬዲዮ ሲያወጣ ትልልቆቹ የዘፈን ኩባንያዎች ከሰሱት። የተቀዳው ዘፈን ከዚያች ሬዲዮ አይወጣም፣ የሚሰማውም ደንበኛው እየከፈለ እስከቆየ ብቻ ነው፤ ለከሳሾቹ ግን ይህም አልበቃቸውም። ክሱ በድርድር አለቀ። የእናቴ ሣጥን የዚያች ሬዲዮ የወንድም ልጅ መሆኑ ነው።

እኔ ለዘፋኙና ለጋዜጠኛው መከፈል የለበትም የምል ሰው አይደለሁም። አርቲስቶቻችን ካሴታቸው እየተባዛ ባዶ እጃቸውን ሲቀሩ አይተናል። የሚያስቆጨኝ፣ የሚከራይ ነገር «ይግዙ» ተብሎ መሸጡ ነው፤ ያውም ለማታነብ ሴት።

በእስራኤል ሕግ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። በ2016 በወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ማሻሻያ መሠረት አዲስ ገቢ፣ ዕድሜው 65 የሞላው ሰውና አካል ጉዳተኛ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተዋዋለውን ነገር፣ ከሻጩ ጋር ንግግር ተደርጎ ከሆነ፣ በአራት ወር ውስጥ መሰረዝ ይችላል። ለሌላው ሰው ጊዜው አሥራ አራት ቀን ነው። አዲስ ገቢ ማለት ቴዑዳት ዖሌ ከተቀበለ አምስት ዓመት ያልሞላው ነው። ስለዚህ ውሉን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ፤ «መክፈል ባቆም የቀዳሁት ይቀርልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። እናቴ አራት ወሩ ሊያልፋት አይገባም ነበር፤ እኔም ውሉን ያነበብኩት አራት ዓመት ዘግይቼ ነው።

በመጨረሻ የአንድ ወር ከፈልን። ቁልፉን ልስበረው የሚል ጎረቤት አልጠፋም፤ እናቴ ግን «የወንድሜን ድምፅ በስርቆሽ አላወጣም» አለች። አጎቴ ሣጥኑ ውስጥ እንደነበረ ተገኘ። እኔ ከእናቴ አልጋ ሥር የ1980ዎቹን ቴፕ አወጣሁ፤ ባዶ ካሴት ከሃዳር አንድ አሮጌ ሱቅ ተገኘ። ስልኬንም አጠገቡ አስቀመጥኩ፣ ለማንኛውም። መስኮቱን ዘጋን፤ ጎረቤቶች እንዳያንኳኩ ነገርን፤ ሣጥኑን ከፍተን ቴፑን ድምፅ ማጉያው ፊት ለፊት አቆምነው። አርባ ደቂቃ ማንም አልተናገረም። አጎቴ ስለ እህቱ መቃብር ሲያወራ እናቴ አንዴ ሳለች፤ ጀበናው ገንፍሎ ምድጃው ላይ ሲንጫጫ፣ አውቶቡስም በመንገዱ ሲያልፍ ይሰማል። ሁሉም ተቀድቷል።

ካሴቱን ሰጠኋት። የስፌት ሣጥኗን ከፍታ ብዙ ክር አገላበጠች፤ ቀዩንም፣ ነጩንም አነሣችና መለሰች። ኋላ ሰማያዊ አሰረችበትና ከቀሩት ጋር አስቀመጠችው።