ለእግር ማስተርጎም

ማስተርጎም በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ የሚከናወን ሥራ ይመስለናል። ይሁንና በሰው ገላ ውስጥም ያለ ዕረፍት ይካሄዳል። አእምሮ ያሰበውን ነርቭ ተሸክሞ ይወርዳል፤ ጡንቻም ትእዛዙ ሲደርሰው ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክት እያመነጨ ይኮማተራል፤ ሐሳብ እርምጃ ይሆናል። እግር ሲቆረጥ የሚጠፋው ተቀባዩ እንጂ መልእክቱ አይደለም። «ተራመድ» የሚለው ትእዛዝ እስከ ቀሪው ጡንቻ ድረስ እንደ ወትሮው ይወርዳል፤ ፈጻሚ ግን አያገኝም።

ለሐርጌሳ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 ከተማዪቱ በገዛ መንግሥቷ አውሮፕላኖች ስትደበደብ ነዋሪዋ ድንበር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ፤ ሐርተሼክን የመሰሉ መጠለያዎችም በሕዝብ ተሞሉ። ጦርነቱ አልፎ ወደ ቀዬው ሲመለስ በየግቢውና በየመንገዱ የተቀበረ ፈንጂ ጠበቀው። ሃሎ ትረስት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ፈንጂ የማምከን ሥራውን በሶማሌላንድ ሲጀምር፣ ብዙዎች እግራቸውን ካጡ ዓመታት ተቆጥረው ነበር። ዛሬ ደግሞ የመኪና አደጋና የስኳር በሽታ አሉ።

ሳይንስ ለዚያ ፈጻሚ ላጣ ትእዛዝ አዲስ አስተርጓሚ አበጅቶለታል። በአሜሪካ የአልፍሬድ ማን ፋውንዴሽን የሠራው ሴንሰር ቁመቱ 16 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በቀሪው ጡንቻ ውስጥ ይቀበራል። ባትሪ የለውም፤ ቆዳ በስቶ የሚወጣ ሽቦም የለውም። በሰው ሠራሹ እግር ማቀፊያ ላይ የተጠመጠመ ጥቅል ሽቦ በመግነጢስ ኃይል ይመግበዋል፤ እርሱም የጡንቻውን ምልክት ያለ ገመድ መልሶ ይልካል። እግሩ ውስጥ ያለው ኮምፒዩተር ምልክቱን ተርጉሞ ሞተሩን ያዝዛል። የአይስላንዱ ኦሱር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለት ሰዎች በዚህ ዓይነት እግር ከአንድ ዓመት በላይ መራመዳቸውን አስታውቋል። ከቆዳ በላይ የሚለጠፍ ሴንሰር በላብና በመንሸራተት ይሳሳታል፤ የተቀበረው ግን ከቦታው አይነቃነቅም። የእኛን ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነገር ግን ይህ አስተርጓሚ የሚሰማው የጡንቻን ትእዛዝ ነው፤ የባለ እግሩን ሕመም አይሰማም። ያን የሚናገር አሁንም አንደበት ብቻ ነው።

በዚህች ከተማ ለረጅም ዘመን የኖሩ አንድ አባት ሰው ሠራሽ እግር ሲለኩ በአማርኛና በሶማልኛ መካከል ቆሜ አስተርጉሜአለሁ። እግሩ የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በብዙ አገሮች ያስፋፋው፣ ከፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ የሚሠራው ዓይነት ነበር። ወጣቷ ባለሙያ «አዴር፣ እንዴት ነው?» ስትላቸው፣ «ደኅና ነው ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ። ፊታቸው ግን ደኅና አላለም። «አባቴ፣ እርሷ የምትሻው ምስጋና አይደለም፤ ይወጋዎታል ወይስ ይለበልብዎታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ «ቆሜ ይወጋኛል፤ ስራመድ ይለበልበኛል» አሉ።

ሁለቱንም በሶማልኛ «ሐኑን» ብዬ፣ ማለትም «ሕመም» ብዬ ማለፍ ይቻለኝ ነበር። ግን የሚወጋው አጥንት ፕላስቲኩን ሲጫን ነው፤ የሚለበልበው ማቀፊያው ሰፍቶ ቆዳን ሲፈትግ ነው። አንዱ ማስፋትን፣ ሌላው ማጥበብን ይጠይቃል። ቦታውን በጣታቸው እንዲያሳዩ አድርጌ ሁለቱን ለየብቻ ነገርኋት። እርሷም ፕላስቲኩን አንድ ስፍራ ላይ በሙቀት አለስልሳ ገፋችው፤ ሌላው ዘንድ ስስ ስፖንጅ ለጠፈችበት። አረጋዊው እንደ ገና ቆመው ተራመዱ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አበው። እኛ ግን በይሉኝታ «ደኅና ነው» ብለን ወጥተን፣ እግሩን ከበር ኋላ ሰቅለን ወደ ክራንቻችን እንመለሳለን። ገመድ አልባው እግር አንድ ቀን ሐርጌሳ ቢደርስ ደስታዬ ወሰን የለውም፤ ኤሌክትሪክና ጠጋኝ ባለሙያ ይፈልጋል፣ ያም በጊዜው ይገኝ ይሆናል። ማቀፊያው የማይስማማው ከሆነ ግን እርሱም የሚሰቀለው ከዚያው በር ኋላ ነው። ስለዚህ ለመለካት የምትሄዱ ወገኖቼ፣ ምስጋናውን ለመጨረሻ አቆዩት፤ አስቀድማችሁ የት እንደሚወጋ፣ የት እንደሚለበልብ ተናገሩ።