ከሹምሽሃ ሽቅብ

በጎሚስታ ቤት ደጃፍ ባለፍኩ ቁጥር እግሬ ሳላዘው ይቆማል። የሚያቆመኝ የማስቲሽ ሽታ ነው። ያ ሹል፣ ትንሽ የሚያሰክር፣ ከጎማ ብናኝና ከግራሶ ጋር የተደባለቀ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ አዲስ አበባ መሆኔን እረሳና፣ ላሊበላ ከቅዳሜ ገበያው ወረድ ብላ በነበረች የቆርቆሮ ዳስ ደጅ፣ ሁለት ብሬን በመዳፌ ጨብጬ ተራዬን የምጠብቅ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እሆናለሁ።

ዘመኑ የ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። የዳሷ ባለቤት፣ ጋሼ የምንላቸው፣ አራት ብስክሌት ነበራቸው፤ ሦስቱ የቻይና ፊኒክስ፣ እንደ በቅሎ ጠንካራ፣ እንደ በቅሎም ከባድ። አራተኛው ግን ቀይ፣ ቀጭን፣ መሪው እንደ በሬ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ የእሽቅድምድም ብስክሌት ነበር፤ አንድ ፈረንጅ ጥሎት የሄደ ነው ይባላል። ማርሾቹ ብዙ ቢሆኑም የሚታዘዙት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ያም ሆኖ እሱን የምናየው ታቦት እንደወጣበት ቀን በአክብሮት ነው። ጋሼ ጎማ የሚፈቱት በማንኪያ እጀታ ነበር፤ የተነፈሰውን ካላማዳሪ አውጥተው ዝገት ባጠቆረው የሳፋ ውሃ ውስጥ ይነክሩትና እያዟዟሩ ይጫኑታል፣ እኛም ከበን እናፈጣለን፣ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ሲል «እዚህ ጋ! እዚህ ጋ!» ብለን አንድ ላይ እንጮሃለን። ቀዳዳ ማግኘት ይህን ያህል ደስታ የሚሰጥበት ሌላ ሥራ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ካላማዳሪ፣ ካቴና፣ ራጂ፣ ቸርኬ፣ ፓራፋንጎ። እነዚህ ቃላት ከጣሊያን አፍ የመጡ መሆናቸውን ያወቅሁት ጎልምሼ ነው። ያኔ ለእኛ ንጹህ አማርኛ ነበሩ፤ የቄሱ ልጅ እንዲያውም «ካላማዳሪ የግእዝ ቃል ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ሲከራከር ሁላችንም አምነነው ነበር። እሱ ገና በልጅነቱ ድቁና የተቀበለ ስለሆነ በግእዝ ነገር የሚቃወመው አልነበረም።

ሰባት ነበርን። ዲያቆኑ፣ የሾፌሩ ልጅ፣ ሁለቱ የሸማኔው ልጆች፣ ቀውላላው፣ ከሁላችን የሚያንሰው ትንሹና እኔ። በአዘቦት ቀን ብስክሌት የምንከራየው በሰዓት ሁለት ብር ነበር፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ግን ጋሼ ሰዓት አይቆጥሩብንም። ያለንን አዋጥተን እንሰጣቸዋለን፣ መያዣም እናስቀምጣለን፤ የደብተር ቦርሳ፣ ነጠላ፣ አንዴም የቀውላላው አባት ባትሪ። አንድ እሁድ ዲያቆኑ ሌላ ነገር ቢያጣ ከማኅደሩ ያልወጣ ዳዊቱን ዘረጋላቸው። ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ ጠራርገው ዳዊቱን ተሳለሙና መልሰው በትከሻው አንጠለጠሉለት። «ዳዊት መያዣ አይሆንም፣ ልጄ። ይልቅ እሱ አንተን ይያዝህ» አሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዲያቆኑ ያለ ዳዊቱ ብስክሌት ላይ አልወጣም፤ ፔዳል በመታ ቁጥር ማኅደሩ ጀርባውን ጠብ ጠብ ሲያደርገው ከኋላ ሆኜ ያየሁት መልክ አሁንም ከዓይኔ አይጠፋም።

መንገዳችን ከከተማው እስከ ሹምሽሃ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርደው አስፋልት ነበር፤ አንድ ጉዞ 25 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። በጋሸና በኩል የሚወጣው ፒስታ 64 ኪሎ ሜትር አቧራና ጠጠር ስለነበር ለፊኒክስም ለእኛም አልሆነም። አገሩን ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ላሊበላ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ 4,260 ሜትር በሚደርሰው በአቡነ ዮሴፍ እቅፍ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ሹምሽሃ ደግሞ ከ2,000 ሜትር ጥቂት ዝቅ ይላል። እንግዲህ ስንሄድ ቁልቁል፣ ስንመለስ ሽቅብ ነው። ውድድር የምንለውም መልሱን ነበር። ቁልቁለት ሁሉንም እኩል ያደርጋል፤ ማን ምን እንደሆነ የሚታወቀው ዳገት ላይ ነው ይሉ ነበር ጋሼ።

ቁልቁለቱን ግን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ! ሰባታችን በአራት ብስክሌት፣ ሦስቱ ፊኒክሶች ከኋላ አንዳንድ ሰው ጭነው፣ ቀዩ ብቻውን እየቀደመ፣ የባሕር ዛፉ ሽታ በግራ እየመጣ፣ በኅዳር ከሆነ የገብስና የጤፍ አውድማ እብቅ ዓይን እየሞላ፣ ሸሚዛችን እንደ ጥላ ተነፍቶ እንወርዳለን። ፍሬን ከስም በቀር አልነበረንም። ፍሬናችን ኮንጎ ጫማችን ነበር፤ እግራችንን አንስተን ሶሉን ከኋላ ጎማው ላይ እንጫናለን፣ ጥርርር ይላል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ከኋላችን ይቀራል። እናቴ በየሁለት ወሩ አዲስ ኮንጎ ስትገዛልኝ «ይሄ ልጅ እግሩ ምላጭ አለው እንዴ?» ትላለች፤ እኔ ጣራ ጣራ አያለሁ። ማወቋን ያወቅሁት ኋላ ነው። አንድ ቀን ሳትነግረኝ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተሠራ ሸበጥ ገዝታ ከበሩ ሥር አስቀመጠችልኝ።

ሹምሽሃ ደርሰን ከአጥሩ ማዶ እንቀመጣለን። እዚያ ሙቀቱ ሌላ አገር ነው። አውሮፕላን ካለ እናያለን፣ ከሌለ ስንቃችንን እናወጣለን፤ በሃይላንድ ፕላስቲክ የተበጠበጠ በሶ፣ በወረቀት የተጠቀለለ የገብስ ቆሎ፣ የሸማኔው ልጆች እናት ለሰባታችን ቆጥራ የላከችው ዳቦ። እሁድ ሳይሆን በአዘቦት የጾም ቀን ከወረድንና ዘጠኝ ሰዓት ካልሞላ ዲያቆኑ አይቀምስም። እሱ ካልቀመሰ ደግሞ እኛም ሃይላንዱን ከፍተን መልሰን እንከድነዋለን፤ ማንም ይህን አድርጉ አላለንም።

የስፖርት መምህራችን ነበር ስለ ገረመው ደንቦባ የነገረን። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ መሆኑን፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም መሄዳቸውን፣ ገረመው በጎዳናው ውድድር 24ኛ መውጣታቸውን፣ ቡድኑም 9ኛ መሆኑን በጠመኔ ጻፈልን። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ከማሸነፉ አራት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው! ትንሹ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ኮንጎ ነበር ያደረጉት?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩ አልሳቀበትም፤ ቆም ብሎ አሰበና «የብስክሌት ጫማ ነበራቸው መሰለኝ» አለው። ከዚያ ወዲያ ውድድራችንን «ሜልቦርን» አልነው። እሁድ ሲመጣ «ሜልቦርን አለ?» ነው የምንባባለው። ከተማው ውስጥ የሚሰማን ሰው ምን እንደሚል እንጃ።

አሁን ወደ ዳገቱ። ሁለት ሰው በአንድ ፊኒክስ ሽቅብ አይወጣም፤ ስለዚህ ጥንድ ጥንድ እንሆናለን፣ ቀዩን ዕጣ የወጣለት ብቻውን ይወስደዋል። አንዱ ብስክሌቱን ይዞ በጠመዝማዛው ሲወጣ፣ ሌላው የአህያ ነጂዎችን አቋራጭ ይዞ በቁጥቋጦው ውስጥ ይሮጣል፤ መታጠፊያው ላይ ይገናኙና ይለዋወጣሉ። ሜዳው ላይ እያለን አንዱ ከአንዱ ጀርባ እንሰለፋለን፤ ከፊት ያለው ነፋሱን ይሰነጥቃል፣ ከኋላ ያለው ያርፋል፣ ፊተኛው ሲደክመው ወደ ጎን ወጥቶ ኋላ ይገባል። ይህን ያስተማረን የለም፤ ነፋሱ ራሱ ነው ያስተማረን። የአውሮፓ ባለሙያዎችም እንዲሁ እንደሚያደርጉ ያየሁ ጊዜ የቀደምናቸው መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

ነአኩቶ ለአብ መገንጠያ ስንደርስ ለከተማው 6 ወይም 7 ኪሎ ሜትር ይቀራል፤ እዚያ ሁሉም ይቆማል። መጀመሪያ የደረሰ ኋለኛውን ይጠብቃል። አንዳንዴ ብስክሌቶቹን ለትንሹ አደራ ብለን ወደ ዋሻው ቤተ ክርስቲያን እንወርዳለን፤ ከዋሻው ጣሪያ ጠብ ጠብ የሚለው ጠበል በተቦረቦሩ ድንጋዮች ውስጥ ሲጠራቀም ድምፁ ብቻ ጥም ይቆርጣል። ቀምሰን፣ ፊታችንን አብሰን፣ ለትንሹም በእፍኛችን ልናመጣለት እየሞከርን፣ መንገድ ላይ አፍስሰነው እንመለሳለን። ከዚያ በኋላ ያለው ነው እውነተኛው ዳገት። ማውራት ይቆማል። የሚሰማው ትንፋሽ፣ የካቴና ሲጥሲጥታና ከሩቅ የእረኛ ፉጨት ብቻ ነው።

ዲያቆኑ ከሁላችን ይበረታ ነበር። ቀዩ ዕጣ ቢወጣለት ለትንሹ ይሰጥና ፊኒክሱን ይይዛል፤ በፊኒክስም ይቀድማል። ከከተማው መግቢያ ያለችውን ወይራ በእጁ ይነካና፣ ትንፋሹን እንኳ ሳይሰበስብ፣ ብስክሌቱን አዙሮ ቁልቁል ይመለሳል። መጨረሻ ያለውን ፍለጋ ነው። ያገኘውን ጎን ለጎን ሆኖ ጀርባውን በአንድ እጁ እየገፋ፣ «አይዞህ፣ ወይራዋ ታየች» እያለ ያመጣዋል። ወይራዋ አትታይም፤ ገና ሦስት መታጠፊያ ይቀራል። ስንመለስ አንደኛ ማን እንደሆነ የሚነገረው የመጨረሻው ሰው ከደረሰ በኋላ ነበር። ስለዚህ ከሁላችን ብዙ ኪሎ ሜትር የሚነዳው ሁልጊዜ አሸናፊው ነው።

አንድ ጊዜ ከነአኩቶ ለአብ በላይ የእኔና የሾፌሩ ልጅ ጎማ ተነፈሰ። ማስቲሽ አልቋል፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። የሸማኔው ትልቁ ልጅ ካላማዳሪውን አወጣና በምትኩ ከአንድ ገበሬ ክምር ለምነን ያመጣነውን ገለባ ጎማው ውስጥ ጠቀጠቀው፤ ሰባታችን ተራ በተራ በጣታችን እየገፋን አጠበቅነው። ሄደ! እየጎበጠ፣ እየነጠረ፣ ግን ሄደ። ከተማ ስንገባ መሽቶ ጋሼ ፋኖሳቸውን ይዘው ደጅ ቆመዋል። ጎማውን ሲፈቱ ገለባው ተዘረገፈ፤ ዝም ብለው አዩት። «ብስክሌቴን ሣር አብልታችሁ አመጣችሁልኝ» አሉና ከት ብለው ሳቁ። ለማስጠገኛ ያዋጣነውን ሳንቲም ተቀበሉን፤ ተቀብለውም በዚያው ሳንቲም ለሰባታችን ሻይ አዘዙልን። ቅርንፉዱ የበዛበት ሻይ ነበር።

ገና ሲቃረብ ውድድር የለም። ያን ሰሞን መንገዱ የእንግዶች ነው፤ ቀናት በእግራቸው ተጉዘው ለልደት የሚመጡ ምእመናን፣ ነጫጭ ለብሰው፣ ስንቃቸውን በስልቻ ተሸክመው ዳገቱን ይሞሉታል። እኛ ወርደን የሽማግሌዎቹንና የእማሆዮቹን ስልቻ በፊኒክሱ ላይ እያሰርን፣ ብስክሌቱን እየገፋን አብረናቸው እንወጣለን። ቤት ስንደርስ እናቴ ውሃ አሙቃ የእንግዶቹን እግር ታጥባለች፤ እኔ ሳፋውን እይዛለሁ። የጋሼ ሳፋና የእናቴ ሳፋ አንድ ዓይነት ነበሩ፣ ሰማያዊ ጠርዝ ያላቸው።

በ2008 ዓ.ም. ክረምት፣ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ በሆነበት ሐምሌ፣ ከሾፌሩ ልጅ ጋር አዲስ አበባ አንድ ቤት ተቀምጠን በቴሌቪዥን እንከታተል ነበር። ሞን ቫንቱ በሚባለው ተራራ ቀን ነፋሱ ከመበርታቱ የተነሳ መጨረሻውን 6 ኪሎ ሜትር ዝቅ አደረጉት፤ መሪው ክሪስ ፍሩም ከሞተር ብስክሌት ጋር ተጋጭቶ ብስክሌቱ ሲሰበር፣ ብስክሌት የለ ምን የለ፣ በእግሩ ዳገቱን ሽቅብ መሮጥ ጀመረ። ዓለም ጉድ አለ። የሾፌሩ ልጅ ግን ከወንበሩ ተነስቶ «አቋራጩን! አቋራጩን ያዝ!» ብሎ ጮኸ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፣ የእኔም። ኋላ ስናነብ የዚያ የሚፈራ ተራራ ጫፍ 1,900 ሜትር ገደማ ነው። እኛ በሶ እየጠጣን ዳገቱን የምንጀምርበት ሹምሽሃ ከእሱ ይበልጣል። ያንን ማታ ለዲያቆኑ ደወልንለት፤ ዛሬ ቄስ ነው። ነገሩን ከሰማ በኋላ የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ታዲያ ለፍሩም የሚመለስለት ጠፋ?»

እኔ የምጨርሰው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ነበር። ጥንዴ በአቋራጭ ቀድሞኝ፣ ፊኒክሱን ይዤ ብቻዬን ስቀር፣ አቡነ ዮሴፍ ላይ የቀረችው ብርሃን ቀልታ ስትጠፋ፣ ብርዱ ላቤን ሲያገኘው፣ አንድ እግሬን መሬት አድርጌ ቆሜ ጆሮዬን ወደ ላይ አቀናለሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ቁራ። ከዚያ ከሁለተኛው መታጠፊያ ማዶ፣ ፔዳል ሳይመታ የሚወርድ ጎማ ጥርርርርታ፣ ከእሱም ጋር የማኅደር ጠብ ጠብታ።