የ500 ዶላር መኪና፣ የስንት ዶላር ጥላ?

ሰሞኑን ስንገናኝ የምንጨቃጨቀው ስለ ሞተር አይደለም፤ ስለ ጥላ ነው። ለማታውቁን አንባቢዎች፦ እኛ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምንኖር፣ በአሮጌ መኪና የምንወዳደር አራት ሀበሾች ነን። የምንወዳደርበት «24 አወርስ ኦፍ ሌመንስ» ይባላል፤ በ2006 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲጀመር ሕጉ፣ የደኅንነት ዕቃው ሳይቆጠር የመኪናው ዋጋ ከ500 ዶላር አይብለጥ የሚል ነበር። መኪናችንን የምናመላልሰው በዝግ ተሳቢ ነው። (ተሳቢው ከመኪናው በብዙ እጥፍ ይወደዳል፤ ይህን ለቤተሰብ አንናገርም።)

ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ሰሚት ፖይንት ትራክ ላይ በጁላይ ጥላ ቅንጦት አይደለም። ሹፌሩ እሳት የሚከላከል ቱታና ሄልሜት አጥልቆ፣ ኤሲ በሌለው መኪና ውስጥ ሲቀቀል ቆይቶ ይወጣል። ተሳቢው ውስጥ ይረፍ እንዳንል ፀሐይ የመታው ዝግ ተሳቢ ምጣድ ነው። ባለፈው ሰመር አንዱ ጓደኛችን ከመኪናው ወርዶ ሦስት እርምጃ ሳይሄድ ጉልበቱ ከዳው። ደግፈን የጎረቤት ድንኳን ሥር አስገባነው፤ በረዶ አንገቱ ላይ እያደረግን ቀስ ብሎ ተመለሰልን። ከዚያ ወዲህ «ገንዘቡ ለጎማ ይሁን» ባዩም ድምፁን ቀነሰ።

ርካሿ መፍትሔ ሦስት በሦስት ሜትር የሆነችው ተጣጣፊ ድንኳን ናት። ከመቶ ዶላር ብዙም ሳትርቅ ትገኛለች። ጠላቷ ነፋስ ነው። በየእግሯ 18 ኪሎ ገደማ ካላሰራችሁላት ክንፍ አውጥታ የጎረቤትን መኪና ትሳለማለች። ዝናብ ከመጣ ደግሞ በእሷና በተሳቢው መካከል ያለው ክፍተት ውኃውን አስተካክሎ ማጅራታችሁ ላይ ያወርደዋል።

ሁለተኛው በካምፐር ጎን የምታዩት ተጠቅላይ ሸራ ነው። በኤሌክትሪክ የሚዘረጋው አዲሱ ሺህ ዶላርን በቀላሉ ይዘላል፤ በእኛ ሒሳብ ሁለት መኪና ማለት ነው። እኛ ከተበላሸ ካምፐር የተፈታ፣ በእጅ የሚጎተት፣ ያገለገለ በ320 ዶላር አገኘን፤ ለአራት 80፣ 80 ዶላር። ሸራው ቢቀደድ ይቀየራል፤ ስትገዙ አጥብቃችሁ የምታዩት ክንዶቹንና መጠቅለያ ቱቦውን ነው። ቱቦው ውስጥ የተወጠረ ሞላ አለ፤ ሳትቆልፉ ከፈታችሁት ጣት ይሰብራል።

ዋናው ጣጣ ግን ግድግዳው ነው። የብዙ ተሳቢዎች ገጽ ከአንድ ሚሊሜትር የሳሳ አሉሚኒየም ላሜራ ነው። ብሎኑን እሱ ላይ ብቻ ካሰራችሁ ነፋሱ ሸራውን ከነላሜራው ይዞት ይሄዳል። ክንዶቹ መታሰር ያለባቸው ከጀርባ በቆሙት ቱቦላሬዎች ላይ ነው። እነሱም አብዛኛውን ጊዜ በ40 ወይም በ60 ሳንቲሜትር ልዩነት ይቆማሉ፤ ረከስ ያለ ተሳቢ ላይ 60ው ይበዛል። ላሜራው በብሎን የተያዘ ከሆነ ከውጭ የተደረደሩት የብሎን ራሶች ቱቦላሬው የት እንዳለ ያሳብቃሉ። የምትበሱትን ቀዳዳ ሁሉ በሲሊኮን ድፈኑ። የጎን በሩ ሲከፈት ሸራውን እንዳይቧጭርም ከፍታውን ቀድማችሁ ለኩ። የእኛ ጠባብ ነው፤ አራት ጣት ያህል ብቻ ተረፈን።

ቪኒል ወይስ አክሪሊክ በሚለው ብዙ አልተከራከርንም። አክሪሊኩ ይተነፍሳል፣ ቶሎም ይደርቃል። ቪኒሉ ዝናብ አያሳልፍም፣ ዋጋውም ይሻላል፤ እርጥቡን ጠቅልላችሁ ከረሳችሁት ግን ይሻግታል። የእኛው ከነቪኒሉ መጣ፣ ተቀበልነው። ዝናብ ሲጥል አንዱን ጥግ ዝቅ ማድረግ ነው፤ አለበለዚያ ውኃው መሐል ላይ ተቋጥሮ ክንዱን ያጎብጠዋል።

ተሳቢውን ትቶ ወደ ፒት የሚሄድ የመጨረሻው ሰው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም፣ ሸራውን ይጠቀልላል፤ ይህን ተፈራርመንበታል ማለት ይቻላል። መሰርሰሪያውን ቅዳሜ እንዋሳለን። የቀረን ክርክር ቡናው ከጥላው በየትኛው ጫፍ ይፈላ የሚለው ነው፤ የቤንዚን ጀሪካኖቹ ባሉበት በኩል እንዳይሆን ብቻ ተስማምተናል።