ከበሶው ሥር

ይድረስ ለልጄ፣

ይህን ወረቀት ከበሶው ሥር የከተትኩት ፊት ለፊት ብጀምረው ስለማልጨርሰው ነው። አውቶቡሱ ባቢሌን ሲያልፍ አንብቢው።

ምደባሽ ጅጅጋ ነው ሲሉኝ ዝም ያልኩት ከፍቶኝ አይደለም። ያን መንገድ እኔም በ1970 ሄጄበታለሁ፤ እኩሌታውን በእግሬ። በ1969 ከእርሻ ላይ ተመልምዬ፣ ታጠቅ ጦር ሰፈር ጥቂት ወራት ሠልጥኜ፣ ሚሊሺያ ተብዬ ዘመትኩ። ጅጅጋ መስከረም ላይ በሶማሊያ ጦር ተይዛ የካቲት 26 ተመለሰች። ስለ ካራማራ ሲወራ ተራራውን ፊት ለፊት ተንደርድረን የወጣነው ይመስላል፤ ጦሩ ግን ከኩባውያኑ ጋር በሰሜን በኩል ዞሮ ነው የገባው። ዞረንም ብዙ ሰው ቀረ። ከወዲያኛው ወገንም ቀረ።

ከዚያ ኤርትራ፤ ከዚያ ግንቦት 1983፣ ሠራዊቱ ተበተነ። ጎጃም ስገባ የእናቴ ማሳ ጦም ያድራል፤ በሬ የለንም። ከአንድ ጎረቤታችን ጋር ሁለት ቀን ላርስለት፣ እሱም አንድ ቀን ጥማዱን ሊያውሰኝ ተስማማን።

የመጀመሪያው ቀን እርፉን እኔ ይዤ እሱ ከጎን ይነዳል። ጅራፉን አንዴ ቢያጮኸው ትልሙ ውስጥ በደረቴ ተኛሁ። አፈሩ አፌ ገባ። በሬዎቹም ቆሙ። ሰውየው አልሳቀም፣ ምን ሆንክም አላለኝም። እርፉን ጨብጦ ትልሙን እስከ ድንበሩ አደረሰና ተመልሶ መጥቶ «ያዝ» አለኝ። ያን ክረምት ሙሉ ጅራፍ ሳያጮህ በአፉ ብቻ ነዳ።

ልጅ ሳለሽ «አባዬ፣ ቡሄ በመጣ ቁጥር ለምን ወንዝ ትወርዳለህ?» ትይኝ ነበር። ልጆቹ ጅራፍ ስለሚያጮኹ ነው።

ጠመንጃ የያዝኩት 14 ዓመት፣ እርፍ የያዝኩት ከ30 በላይ ነው። ሀገሬው ግን እስካሁን «ወታደሩ» ይለኛል። ይህ አንዳንዴ ያናድደኛል።

ጅጅጋ የእኔ እኩያ የሆኑ አዛውንቶች ታገኛለሽ። አንዳንዱ ያኔ ከወዲያ ማዶ ይሆን ይሆናል። የት ነበሩ ብለሽ አትጠይቂ፤ የካራማራ ዘማች ልጅ ነኝ ብለሽም አትኩሪባቸው። የመጀመሪያ ደመወዝሽን ለእኔ እንዳትልኪ። ሶማልኛ ለሚያስተምርሽ ሰው ክፈዪበት፤ አዋላጅ ነሽ፣ ምጥ የያዛት ሴት «አይዞሽ» የምትባለው በአስተርጓሚ መሆን የለበትም። በር ሲጋጭ የሚበረግግ ሰው ካየሽ አትደንግጪ፣ አትዘኚለት። የያዝሽውን ሥራ ጨርሰሽ ወደሱ ተመለሺ።

ቀን ማሳ ላይ ስለምውል ስልኩን አልሰማም። ሲመሽ ደውዪ።

አባትሽ