አንድ ደቂቃ ተኩል

ሰሞኑን ከዐስር ሰላት በኋላ ልጄን ላመጣ ሰፈራችን ወዳለው ቁርኣን ቤት ሄድኩ። የአዳማን የግንቦት ሙቀት ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮው ሥር ልጆቹ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። አንዱ ገና ፋቲሓ ላይ ነው፣ ሌላው ጁዝ ዐማን አጋምሷል፤ ሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቀራል። የሚያስቀሩት ኡስታዝ ግን አንድ ናቸው።

በር ላይ ቆሜ ሒሳብ ሠራሁ። በአንድ ሰዓት 40 ልጅ ቢያዳምጡ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። አንዷን ሐርፍ ከመኽረጇ ለማውጣት እንኳ አይበቃም። እኛ ወላጆች ደግሞ የወር ክፍያውን ከሰጠን በኋላ «የት ሱራ ደረሰ?» እንላለን እንጂ እንዴት እንደደረሰ አንጠይቅም።

ልጆቹ ሲወጡ ጠጋ ብዬ «ኡስታዝ፣ ምን እናግዝ? ቬንቲላተር እናዋጣ?» አልኳቸው።

ፈገግ አሉና «ቤት ሲቀራ የሚያዳምጠው ማነው?» አሉኝ።

«እኔ ራሴ ተጅዊድ አላውቅም» አልኩ።

«ሲደናቀፍ ለመስማት ተጅዊድ አያስፈልግም። የተደናቀፈባትን ቦታ ምልክት አድርገው ይላኩልኝ፤ እኔ ያለችኝን ደቂቃ እዚያች ላይ አውላታለሁ።»

ኡስታዝን ማገዝ አዲስ ነገር አይደለም። ወሎ ውስጥ እንደ ዳና ባሉ የዒልም ማዕከላት ከሩቅ የመጣውን ደረሳ የሚያበላው መንደርተኛው ነበር። የቀደመው ደረሳ ደግሞ የኋለኛውን ያስቀራ ነበር። ሸይኾቹ ብቻቸውን አልነበሩም። እኛ ከተሜዎቹ እንጀራውን በብር ተካነው፤ ጆሮውን ግን በምንም አልተካነውም።

ቤት ውስጥ ለማዳመጥ ጁዝ ዐማን የሚያህል የለም። ከ114ቱ ሱራዎች 37ቱ እዚያ ናቸው፣ አብዛኞቹም አጫጭር። ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብና ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅ ያዘጋጁት የአማርኛ ትርጉም ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በኦሮምኛም ተተርጉሟል። ልጁ ሲቀራ አባት ትርጉሙን ቢከፍት ሁለቱም ይማራሉ።

አሁን ከአራት ወላጆች ጋር ተስማምተናል። ከመግሪብ በኋላ ሩብ ሰዓት ስልካችንን አስቀምጠን እናዳምጣለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ጁዝ ዐማን የጨረሱት ልጆች ታናናሾቻቸውን ኡስታዙ ፊት ያስቀራሉ።

ለኡስታዙ ስነግራቸው ዱዓ አደረጉልን። ተሰናብቼ ልወጣ ስል ግን መልሰው ጠሩኝ፦

«ቬንቲላተሩን ይተዉት አላልኩም እኮ!»